በጆንያ የተጠቀለለው ጀሪካን

ሽንፋ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንጌል አባት ለእንግዳው፤ ሚሌ

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ናፍቆቱን ይዘረዝራል። እኔ ዛሬ ተራውን ልገለብጠው ነው። ጤናህንም ናፍቆቴንም ወደ ታች አውርጃቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ወሬ አንድ መስመር እንኳ ባቆየው እጄ ራሱ ጥሎኝ ይሄዳል። እንግዳው፣ አሸነፍን። ኩባንያው እምቢ ያለንን ዋስትና ተቀበለ። ለመኪናችን አዲስ ሞተር ከፋብሪካው ታዝዟል፤ ከእኛ የሚጠየቅ ነገር የለም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ትናንት ሐሙስ ደረሰኝ። ሳጥኑ ውስጥ ከወንጌል የክርስትና ወረቀት ጋር ቆልፌበታለሁ፤ ቆልፌበት ግን በየሰዓቱ እየከፈትኩ አየዋለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ቁጥሬን ስታይ ስለማታነሳ ነው። ብታነሳም «ተይኝ እስቲ ስርጉት» ብለህ ትዘጋለህ። ወረቀት ግን ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ባየልኝ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ስለሚወርድ ሚሌ ላይ ፈልጎህ እጅህ ላይ እንዲያስቀምጠው አስምዬዋለሁ። ወሬውን እሱም ያውቃል፤ ሽንፋ ውስጥ የማያውቅ የለም። ግን ከእኔ ቀድሞ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ለሚስቱ የምነግራት ነገር እንዳለኝ ጠቆም አድርጌዋለሁ። ሚስቱን ስለሚፈራ ዝም ይላል።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የምታውቀውንም ቢሆን ታገሠኝና አንብበው፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ የሆነው ያለዚያ አይገባህም።

አምና በሁዳዴ፣ ሚያዝያ 9 ቀን፣ አስር ኩንታል ሰሊጥ ጭነህ ወደ ገንዳ ውሃ ስትሄድ ጎርባጣ የምንላት ዳገት ላይ መኪናዋ ፈላች። ሞተሩ ግሎ ቴስታታ የምትሉት የላይ ክዳኑ ተሰነጠቀ። ገና ሦስት ወሯ ነበር፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። የሦስት ክረምት ሰሊጣችንን ሸጠን የገዛናት፣ ሊብሬዋ ላይ የሁለታችንም ስም የተጻፈባት መኪና። እኔ ያን ቀን ብዙም አላለቀስኩም። የሦስት ዓመት ዋስትና አላት፣ ፋብሪካው ይሠራታል ብዬ ነበር።

ግንቦት ላይ የኩባንያው መልስ መጣ፤ አንድ ገጽ ብቻ። ጥፋቱ የፋብሪካው ሳይሆን የባለንብረቱ ነው ይላል። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት በጆንያ የተጠቀለለ የውሃ ጀሪካን ተሰቅሎ ነፋስ ከልክሏል፣ ሞተሩ በዚያ ምክንያት ተቃጥሏል፣ ስለዚህ ዋስትናው አይሸፍነውም።

ያን ጀሪካን ማን እንደሚሰቅለው ሽንፋ ሁሉ ያውቃል። እዚህ አገር፣ ቤት ውስጥ ያስቀመጡት ውሃ እኩለ ቀን ሳይሆን ሻይ ይሆናል። ስለዚህ ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለን፣ በወስፌ ሰፍተን፣ ጆንያውን አርሰን ነፋስ ላይ እንሰቅለዋለን። ነፋሱ በመታው ቁጥር ውሃው ይቀዘቅዛል። አንዱ ኒም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ አንዱ ትራክተር ላይ፤ መኪና ያለው ደግሞ ከመኪናው አፍንጫ ላይ ያንጠለጥላል። አባቴ ከደጋ ወርዶ እዚህ ሲሰፍር ከእርሻው በፊት የተማረው ይህን ነው። እኔም አንተን ሳገባ ይዤልህ የመጣሁት ሙያ ይኸው ነው፤ ዶሮ ወጥ ላይ ያለኝን እጅ አንተው ታውቀዋለህ።

ወረቀቱ ከመጣ ወዲያ ግን እኔ ስርጉት መሆኔ ቀረና «ሞተር አቃጣይዋ» ሆንኩ። ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የሦስት ዓመት ልፋቴን ሚስቴ በአንድ ጀሪካን አነደደችው» አልክ። እናትህ እትዬ አሰበችም በበኩላቸው ምራታቸው መኪናን እንደ አህያ ጭና እንደገደለች ለማያውቀው ሁሉ አወሩ። ሰኔ ላይ ደግሞ የሰው መኪና ልነዳ ነው ብለህ ሚሌ ወረድክ። ወንጌልን ስመህ ወጣህ፤ እኔን ግን አላየኸኝም፤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

እንግዲህ ያላየኸው ከዚህ ይጀምራል።

ሐምሌ ላይ ሰሊጡን ካስዘራሁ በኋላ ጎንደር ወጣሁ። የኩባንያው ቅርንጫፍ ኃላፊ ስሜነህ የሚባል፣ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋነቱ ነው ያናደደኝ። ቢጮህብኝ እኔም እጮህ ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ መዝገቡን ከፈተና ወደ እኔ አዞረው። የአንተ ቃል ነበረበት። በእጅህ የጻፍከው፣ የፈረምክበት። «ባለቤቴ ከራዲያተሩ ፊት ጀሪካን ሰቅላ ነበር፤ እኔም ሳላወርደው ነዳሁ» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሕፈትህን አውቃታለሁ፤ ስታጭኝ ስንቱን ወረቀት ነው በወንድሜ በኩል የላክህልኝ። ውሃ ስጡኝ አልኩ። ሰጡኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ስሜነህ ተጨማሪ የምለው ነገር ካለ ጠየቀኝ።

«ባሌ የጻፈው ተጽፏል» አልኩት። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ጀሪካን ሞተር ያቃጥላል ያላችሁት ሞክራችሁ አይታችሁ ነው?»

መሞከር አያስፈልገውም፣ የታወቀ ነገር ነው አለኝ። ማን ነው ያወቀው ስለው፣ ፋብሪካው አለ። ፋብሪካው ሽንፋን ያውቃታል ወይ ስለው ፈገግ አለና፣ «እህቴ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ባይደክሙ ይሻላል» ብሎ በሩ ድረስ ሸኘኝ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። አካሄዴ የንዴት እንጂ የሽንፈት አልነበረም።

ከዚያ በቀጥታ ገንዳ ውሃ ወረድኩ፣ መኪናችን ወደቆመችበት ጋራዥ። መካኒኩን ኡመይርን ታውቀዋለህ፤ ጦርነቱ ከካርቱም አሳዶት ከባለቤቱ ከረፊቃ ጋር የመጣው። የስሜነህን ነገር ስነግረው መፍቻውን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። «ያ ስርጉት፣ እኛ አገር ጊርባ የሌለው መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ? ጊርባ ሞተር ቢያቃጥል ኖሮ ሱዳን ውስጥ የሚሄድ መኪና አይኖርም ነበር፣ ወላሂ» አለኝ። ጊርባ የሚሉት ያንኑ የእኛን ነገር ነው፣ እነሱ በፍየል ቆዳ ያደርጉታል። ቀጥሎ ያለኝ ግን ከቀልዱ ይልቅ ጆሮዬን አቆመው። ከአብደራፊ አንድ ባለ እርሻ የእኛን ዓይነት መኪና ያንኑ ሰሞን ፈልታበት አምጥቶለት ነበር። ምንም አልተሰቀለባትም ነበር። የኡመይር ጥርጣሬ ከራዲያተሩ ጀርባ ያለው ማራገቢያ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲግል ራሱ መነሳት አለበት፣ በእኛ ሙቀት ግን የሚያስነሳው ነገር ሳይበላሽ አይቀርም አለኝ። የእኛ መኪና የማራገቢያ ሽቦ ግን ተቃጥሎ ስለነበር ማስረጃ አይሆንም።

ቤቴ እንደገባሁ ከወንጌል ደብተር ላይ ወረቀት ቀድጄ ጻፍኩ። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ለፋብሪካ ስትጽፍ ምን እንደምትመስል አስበው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ልመና ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። መልሱም ያችው አንዲት ገጽ ሆና ተመለሰች። ሁለተኛው ስድብ ነበር፤ መልስ አልመጣም። መስከረምና ጥቅምት በአጨዳው አለፉ። ሰሊጡ ሳይፈነዳ እንዲሰበሰብ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ከጎሕ እስከ ማታ ስቆም ነበር። ደህና ገባ፣ አታስብ። ሦስተኛውን ኅዳር ላይ ላክሁ። አራተኛውን ግን ለአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤትና በእነሱ በኩል ለፋብሪካው፣ ከአንጀቴ ጻፍኩት። ቃል በቃል ይኸው፤ ግልባጩን ይዣለሁ።

«ያንኑ ዓይነት መኪና ይዛችሁ ኑ። ያንኑ አስር ኩንታል እጭንበታለሁ። ያንኑ ጀሪካን በእጄ እሰቅልበታለሁ። በመጋቢት ፀሐይ ያችኑ ዳገት ውጡ። ሞተራችሁ ከተቃጠለ ደጃችሁን ዳግመኛ አልረግጥም። ካልተቃጠለ ሞተሬን ስጡኝ።»

ጥር ላይ ስልክ ጮኸ። ፅዮን እባላለሁ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነኝ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት አለችኝ። ድምፅዋ የልጅ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ልዘጋባት ነበር። እሷ ግን ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ፣ ዳገቷ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነች፣ ጀሪካኑ ባለ ስንት ሊትር እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንግዳው፣ በስምንት ወር ውስጥ ስለ ጀሪካኑ ሳይስቅ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

መጋቢት 5 ቀን፣ ዓርብ፣ መጡ። ፅዮን፣ ስሜነህና አንድ ሹፌር፤ የእኛን የመሰለች ነጭ የኩባንያው መኪና ይዘው። ፅዮን ከመኪናው ስትወርድ የምድጃ ክዳን እንደተከፈተባት ወደ ኋላ አለች። ስሜነህ በዚያ ሙቀት ከረባቱን አላወለቀም። ሽንፋ ሥራ ፈታ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ፣ እናትህ ዱካ አስወጥተው ግራሯ ሥር ተቀመጡ፤ የእኔን ውርደት በምቾት ለማየት ነው መቼም። ኡመይርም ከገንዳ ውሃ መጣልኝና ሰሊጡ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ጀሪካኑን አመጣሁ። ያንኑ ራሱን፣ አንተ የምታውቀውን፣ ማሰሪያው ሰማያዊ የሆነውን። ጆንያውን አርሼ ከፊት መከላከያው ብረት ላይ ስሰቅለው ስሜነህ ጠጋ ብሎ ወደ መሃል ይሁን አለኝ፤ ራዲያተሩን በደንብ እንዲሸፍን። ወደ መሃል አደረግሁት። ከዚያ ፅዮን አንድ ወረቀት አውጥታ እንድፈርም ሰጠችኝ። «አደጋው በደረሰበት ቀን ጀሪካኑ በዚሁ ሁኔታ ተሰቅሎ ነበር» የሚል ነው። አልፈርምም አልኳት። ስክሪብቶውን ተቀብዬ እንዲህ ብዬ አረምኩት፤ «ባለቤቴ በሰጠው ቃል መሠረት ተሰቅሎ ቢሆንስ ተብሎ ሙከራው ይደረግ።» ፅዮን አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝና ተቀበለችው።

አምስት ሰዓት ላይ ተነሣን። ከፅዮን ጋር ከኋላ ተቀምጬ በሹፌሩ ትከሻ ላይ የሙቀቱን መርፌ እያየሁ ነበር። ዓይኔን አልነቀልኩም፤ በመስኮቱ ዝሆን ቢያልፍ አላየውም። ወንዙን ተሻገርን። ጎርባጣ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ማቃሰት ጀመረች፣ መርፌዋም ትንሽ ከፍ አለች። ከዚያ መርፌዋ ትንሽ ቆየችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዳገቷን ጨረስን። ገንዳ ውሃ ገባን። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ፅዮን ከጀሪካኑ ቀድቼ ስሰጣት ጠጣችና ብርጭቆውን ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፤ «ከማቀዝቀዣ የወጣ ነው የሚመስለው» አለች። ይኸውልህ፣ ምስክር አገኘሁ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ስሜነህ ግን አልተሸነፈም። ጠዋት ነፋስ ስለነበረ ነው፣ አንድ ጊዜ ሙከራ አይባልም አለ። ኡመይር ከላይ ሆኖ በዐረብኛ አንድ ነገር አለው፤ ትርጉሙን ባልጽፈው ይሻላል። እኔም ልናገር አፌን ስከፍት ፅዮን ቀደመችኝና አቶ ስሜነህ እውነቱን ነው አለች። ያንኑ ጭነት፣ ያንኑ ዳገት እንደገና፤ አሁን ግን ያለ ጀሪካኑ፤ ሁለቱን ካላስተያየን ምንም አናውቅም አለች። ወደ ሽንፋ ተመለስን። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወፍ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት፣ እንደገና ተነሣን። ጀሪካኑን እግሬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ወንዙን ተሻገርን። ጎርባጣ ላይ ወጣን። መርፌዋ ተነሣች። ግማሽ ደረሰች፣ ግማሽን አለፈች። ሹፌሩ ፅዮንን በመስታወት አያት፣ እሷም ቀጥል አለችው። መርፌዋ ቀዩን ስትነካ «አቁም» አለች፤ ከማቆሙ ጭሱ ከኮፈኑ ሥር ወጣ። አንተ በቆምክበት ቦታ። እምላለሁ፣ ያችው የተጎመደች ግራር አጠገብ።

ስሜነህ ሮጦ ኮፈኑን ሊከፍት ሲል ኡመይር ከጭነቱ ላይ ዘሎ እጁን ያዘው፤ የራዲያተሩን ክዳን ከነካህ ፊትህ ይላጣል አለው። ሞተሩ ሳይጠፋ ኮፈኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ አነሣው። ፅዮን ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየች።

«ማራገቢያው ቆሟል» አለች። «ሞተሩ እየፈላ ማራገቢያው አልተነሣም። አቶ ስሜነህ፣ ይምጡና ይዩት።»

ስሜነህ አየ። ያኔ ነው ከረባቱን ያላላው።

ሞተሩን አጠፉት። ኡመይር እርጥብ ነገር ስጡኝ አለ። ያን የሰፋሁትን ጆንያ በካራ በጥሼ ከጀሪካኑ ላይ ገፈፍኩና ሰጠሁት፤ በራዲያተሩ ፊት አለበሰው። ውሃ ጠብ እያደረግን በላዩ አፈሰስን። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሲበርድ ክዳኑን ከፍቶ የቀረውን ውሃ ከጀሪካኑ ሞላው። መኪናቸው ተነሣች። ሞተር ገደለ የተባለው ውሃ የእነሱን ሞተር አተረፈላቸው። እኔ እዚያው አስፋልት በሌለበት፣ አቧራ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ አልገደደም። ፅዮን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ጠዋት «ወይዘሮ ስርጉት» ትለኝ የነበረችው ልጅ «ስርጉትዬ፣ እርጥቡ ጆንያ እኮ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን ነፋስ ሳያቀዘቅዘው አልቀረም፤ ጠዋት ያዳነን እሱ ነው» አለችኝ።

ያን ቃሏን ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትናንት የመጣው ወረቀት የፋብሪካው ነው። የማራገቢያው ማስነሻ በከፍተኛ ሙቀት እንደሚከሽፍ አምነዋል። ለእኛ ሞተር፣ ቆላ ውስጥ ላሉት የዚያ ዓይነት መኪኖች ሁሉ ደግሞ አዲስ ማስነሻ በነፃ። የአብደራፊውም ሰው ይካሳል። ስሜነህ ራሱ ደወለና «ወይዘሮ ስርጉት፣ እንቦጭ ያለው በእኔ ላይ ነው» አለኝ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው።

እልል አልኩ። በጾም መሆኑን ያስታወስኩት ጎረቤት ሁሉ ሲሰበሰብ ነው። እናትህም መጡ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፋቸው እንደማይወጣ ታውቃለህ። ባዶ ጀሪካንና አዲስ ጆንያ ይዘው መጥተው፣ «አንች ልጅ፣ ይችን እንደዚያችኛዋ አርገሽ ስፊልኝ፤ የእኔ እጅ አያጠብቀውም» አሉኝ። እዚያው በራፉ ላይ ተቀምጬ ሰፋሁላቸው። ክሩን እሳቸው ያዙልኝ። ወንጌልም ደህና ናት፤ ቁመቷ ከበሩ መወርወሪያ አልፏል፣ በየቀኑ የት ደረሰ እያለች ሚሌን በካርታ ትፈልጋለች።

አሁን ወደ ታች ያወረድኩት ላይ ደረስኩ።

እንግዳው፣ ያን የሚያዝያ ቀን ጀሪካኑ መኪናዋ ላይ አልነበረም።

አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ጠዋት ሰቅዬልህ ነበር። አንተ «አዲስ መኪና ላይ ጆንያ አታንጠልጥይብኝ፣ ገንዳ ውሃ ስገባ ሰው ይስቅብኛል» ብለህ ገመዱን ፈትተህ በራፉ ላይ አስቀመጥከው። እኔም ሮጬ በመስኮቱ ላቀብልህ ስችል እልሄ ያዘኝ። ይጠማህ ብዬ ኒሟ ላይ ሰቀልኩት። እኔና ወንጌል ቀኑን ሙሉ ከእሱ ስንጠጣ ዋልን። አንተ ስትመጣ አመድ መስለህ ነበር።

ስሜነህ መዝገቡን ሲያዞርልኝ ይህን አንዲት ቃል ብናገር ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ። ያልተሰቀለ ጀሪካን ሞተር አቃጠለ አይባልም። ግን ያቺ ቃል አንተን በፊርማህ የዋሸህ ሰው ታደርግሃለች፤ በፊርማው ለዋሸ ሹፌር ደግሞ ማን ጭነቱን ያምነዋል? ስለዚህ ረጅሙን መንገድ ሄድኩ። ተሰቅሎ ነበር ያልከውን እንዳልክ ትቼ፣ ተሰቅሎም ቢሆን ንጹሕ ነው አልኩ። አስር ወር «ሞተር አቃጣይ» ተብዬ ዝም አልኩ። ለእናትህ አልነገርኩም። ወንጌል ልትናገር ስትል የቤት ነገር ነው ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ለምን እንደጻፍከው ብዙ ቀን አሰብኩበት። ክፋት አይደለም፤ ክፉ ሰው አላገባሁም። መርፌዋ ቀዩን ስትነካ ዘወር ብለህ ውሃ ፈልገሃል፤ የለም። ሚስቴ ያዘጋጀችልኝን ውሃ ጥዬው ወጣሁ ማለት ከተቃጠለው ሞተር በላይ ከበደህ። አሁን የፅዮንን ቃል አስታውስ። ያ እርጥብ ጆንያ ቢኖር ኖሮ ያችን ዳገት ታልፋት ነበር። ይህንን ከእኔ በቀር የሚነግርህ የለም፤ እኔም ከዚህ ወረቀት በቀር አልናገረውም።

ተናድጄብሃለሁ። ብዙ ተናድጄብሃለሁ፤ ስትመጣ እነግርሃለሁ፣ ሳልጮህ ግን አይሆንም። ናፍቀኸኛልም። እንጀራው ሲተርፍ፣ በሩ ሳይንኳኳ ሲመሽ፣ ሰው «ባልሽ እንዴት ነው» ሲለኝ፣ ናፍቀኸኛል። ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ ይቻቻላሉ፤ እኔ ችዬአቸዋለሁ።

ሞተሩ ከሆሳዕና በፊት ገንዳ ውሃ ይደርሳል፤ ኡመይር ከፅዮን ጋር ሆኖ ይገጥመዋል። ፅዮን ባለንብረቱ መጀመሪያ ይንዳት ብላለች። ባለንብረት ሁለት ነን፣ እኔ ደግሞ መንዳት አልችልም። ለፋሲካ ናና ንዳት። ያችኑ ዳገት እንወጣለን፤ እኔ አጠገብህ፣ ወንጌል መሃላችን። ጀሪካኑን እኔ እሰቅለዋለሁ። አንተ አታወርደውም።

መድኃኔዓለም ከዳናኪል ሐሩር ይሰውርህ፤ ቁልቁለቱን በፍሬን፣ ዳገቱን በጉልበት ያሻግርህ። ጾሙን ጹመህ ፍስኩን ከልጅህ ጋር ለመፈሰክ ያብቃህ። አሜን።

የወንጌል እናት፣
ስርጉት

የበጠስኩትን ጆንያ መልሼ ሰፍቼዋለሁ።